ሰኢድ ያለበት ምስል

እኔ እኮ ስለ ጂን ሲወራ «ውሸታም ሁላ!» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ አሁንም የምነግርህ ብቻዬን መያዙ ስለከበደኝ ነው እንጂ ብታምነኝ ባታምነኝ ግድ የለኝም።

አሊዩ አምባ ተወልጄ በቅሎ እየጫንኩ ነው ያደግኩት። ታናሽ ወንድሜ ሰኢድ ጨው ሊያመጣ ቆላ ወርዶ ከቀረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፣ ተራው የእኔ ነበር፣ ወገቤን አሞኛል ስለው እሱ ሄደልኝ፣ አላመመኝም ነበር እኮ፣ ሰንፌ ነው። እናታችን ደግሞ «ሬሳውን ሳላይ ለልጄ የሙታን ዱዓ አላስደርግም» ብላ፣ በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ እያለች ከሰውነት ተራ ወጣች፣ አንጀቴን ትበላው ነበር።

አንድ ፈረንጅ መጣና የምስል ማንሻ ሣጥኑን ጭነንለት ሰኢድ ወደቀረበት በረሃ ወረድን። እዚያ ድሮ ከመሬት ሆድ እሳት የተፋቸው፣ ነፋስ የቦረቦራቸው ጥቁር ድንጋዮች ቆመዋል፣ ሰውዬው ለእነሱ ብሎ ነው የመጣው፣ ለድንጋይ ባሕር መሻገር! ከሩቅ ሰዎች መሰሉኝና «አሰላሙ አለይኩም!» አልኩ፣ ጫኞቹ በሳቅ ፈረሱ፣ በሳቁ መሃል ግን ከድንጋዮቹ በኩል ቀስ ያለ «ወአለይኩም ሰላም» ሰማሁ። ከጫኞቹ አንዱ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ፈረንጁ ሁላችንንም ከኋላው አስቁሞ የድንጋዮቹን ምስል አነሳ፣ እኔ ራሴ ጃንጥላ ይዤለት ነበር። በማግስቱ ምስሉን ወረቀት ላይ ሲያወጣው ቱግ አለና «ማነው ፊት ለፊት የገባው?» አለ በአስተርጓሚው። ጠጋ ብዬ አየሁ፣ ወላሂ፣ ሰኢድ ነው! ድንጋዩን ተደግፎ፣ ኩታውን እንደ ልማዱ በአንድ ትከሻው ጥሎ ቁጢጥ ብሏል። ፈረንጁ ተበላሸ ብሎ ሊቀደው ሲል እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፣ ሰጠኝ።

ለእናቴ ላሳያት አላሳያት እያልኩ ስንት ቀን አመነታሁ መሰለህ። ያሳየኋት ቀን ፊቱን በጣቷ እየዳበሰች «ከሳህብኝ እኮ፣ የኔ ጌታ» አለችው፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ተመልሳ ወረቀቱን አየች።

«አንተስ መቼ ሄደህ ነው አጠገቡ የተቀመጥከው?»

«እማዬ፣ ሰኢድ ብቻ ነው ያለው» አልኳት። እኔ እስከ ዛሬ ባገላብጠው ባገላብጠው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚታየኝ።

በሳምንቱ ሼሁን አስጠርታ ያንን እምቢ ያለችውን የሙታን ዱዓ አስደረገች። ሼሁ «የማንን ስም ላንሳ?» ሲሏት እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ «የሁለቱንም ልጆቼን» አለች፣ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሚን አልኩ።