ቀድማ የቀመሰችው ሴት

አስታማሚዋ ሉዎ በታይናን ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ቤት፣ ማንኪያዋን እንደጨበጠች ሞታ ተገኘች። ከአፏ የወጣው አረፋ አገጯ ላይ ደርቋል። ኢንስፔክተር ፋን ዩሁዋ ጎንበስ ስትል የፀረ ተባይ መርዝ ክርፋት ሸተታት።

«ያ እብድ ነው የገደላት» አለ ጓንግሊን፣ የታማሚው የቲንአን ታላቅ ወንድም። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው ከሚል ሰው ምን ይጠበቃል?»

ፋን ምግብ አብሳይዋን ጂያን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ምሳውን ማን ሠራው?»

«ለሌሎቹ እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ለቲንአን ግን ወንድሙ በፔርሙስ የሩዝ አጥሚት አመጡለት። ታማሚው ምግቡን ሁሉ መርዝ አለበት ማለት ልማዱ ነው። ሉዎ ነፍሷን ይማርና፣ ሁልጊዜ ቀድማ ቀምሳ "ይኸው አልሞትኩም" ትለዋለች።»

«ዛሬስ ምን አለ?»

«በምላሱ ነካ አድርጎ ተፋው። "ይመራል፣ አትብዪ" አላት። ስቃበት ማንኪያዋን ሞልታ ዋጠች።»

ፋን ፔርሙሱን ከፍታ አየች። ውስጡ ያብረቀርቃል። ከነክዳኑ ወደ ላቦራቶሪ ላከችው።

ቲንአን ጥግ ላይ ተኮራምቷል። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አላት። «መጥፎ ሰው ነኝ።»

«ምን አድርገህ?»

«አላውቅም።»

ሐኪሙ ቺ ራሱን ነቀነቀ። «ለጥናት ብለን አንጎሉን በማሽን አይተነዋል። የሰው ፎቶ ስናሳየው የፍርሃቱ ክፍል ይንቀለቀላል። የሉዎ ሲመጣ ረጭ ይላል። ራሱን ግን ከሁሉም የከፋ ሰው አድርጎ ነው የሚያምነው።»

«አልገደላትም ማለት ነው?»

«ማሽኑ ማንን እንደሚፈራ እንጂ ምን እንዳደረገ አይናገርም።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ፋን ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። የሉዎን ማስታወሻ ደብተር ከፈተች።

«ሉዎ ቲንአን የሚለውን ትጽፍ ነበር። "ጎረቤት መርፌ ጨመረ። ሬዲዮው ሳሙና ጨመረ።" በሽታው ሲናገር ምንጊዜም ጠላት ይጠራል። ትናንት ግን ማንንም አልጠራም፤ ይመራል ብቻ ነው ያለው። ያንን የተናገረው ምላሱ ነው። የጂያን ምግብ የበሉት ሁሉ ደህና ናቸው። የቀረው የእርስዎ ፔርሙስ ነው፣ አቶ ጓንግሊን።»

«ንጹሕ ነው! ራስዎ አይተውታል!»

«አጥበውታላ።»

«በገዛ እጁ!» አለች ጂያ። «ሳህን አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች ብዬ ነበር።»

«ከክዳኑ ላስቲክ ሥር ግን መርዙ ተገኝቷል። በዓመት አንዴ ብቅ ስለሚሉ ወንድምዎ ቀማሽ እንዳለው አላወቁም። የታሰበው ለእሱ ነበር።»

ጓንግሊን ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «ልጄ ልትታጭ ነው። የወንዱ ልጅ ቤተሰቦች "በዘራችሁ እብድ አለ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ታዲያ ምን ላድርግ?»

ቲንአን ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከሐኪሙ ጀርባ ተሸሸገ። ፋን ካቴናዋን አወጣች።

ካቴናው ሲገባለት ጓንግሊን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክዎ በጓሮ በር ያውጡኝ። የወንዱ ልጅ አባት ፊት ለፊት ባለው ገበያ ውስጥ ሱቅ አላቸው።»

በፊት ለፊቱ በር አወጣችው። ገበያው ጢም ብሎ ነበር፤ እሷም አልቸኮለችም።