ሰባት አሚን

ዘበኛው ቢጫውን ሻሽ አነሳው።

ከአርባ ሻሽ መሀል እሱኑ።

ረቢያ ፊቷን አልለወጠችም። የሮቤ ሐሙስ ገበያ ጢም ብሏል። ከሳነቴ የሚወርደው ንፋስ የሻሾቹን ጫፍ ያርገበግባል፤ የዘበኛው ጠመንጃ አፈሙዝ ደግሞ፣ እሱ ሳያስበው፣ ጉልበቷ ላይ አነጣጥሯል። በቢጫው ሻሽ ጠርዝ ውስጥ እንደ ክር ተጠቅልሎ የተሰፋ ቀጭን ወረቀት አለ። ወረቀቱ የተጻፈው ለዘበኛው ሚስት አይደለም።

«ስንት ነው?» አለ፣ እንደማይከፍል በሚያስታውቅ ድምፅ።

«ለማን ፈልገኸው ነው?»

«ለሚስቴ።»

«ቀይ ናት ጠይም?»

«ቀይ።»

«እንግዲያው ተወው ወንድሜ። ይኼን አስራ ከወጣች ጎረቤቱ የወፍ በሽታ ያዛት ብሎ ሊጠይቃት ይመጣል።» አረንጓዴውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «ይኼ ያምርባታል። ስታገኝ ትከፍላለህ።»

ሳቀ። አረንጓዴውን ኪሱ ጠቅጥቆ ሄደ።

ረቢያ አሁን ተነፈሰች። እንግዲህ ዘበኛው ምን ያውቃል። እሱም የመንግሥት፣ እሷም የመንግሥት።

ትንሽ ቆይቶ ቆዳ ነጋዴው መጣ። ነጋዴ ነኝ ለማለት ያህል ብቻ አልነበረም፤ የእውነት ቆዳ ቆዳ ይሸት ነበር። ስሙ ኃይለየሱስ ነው። በወረቀት ላይ ግን «ወንፊት» ይባላል። የሷ ደግሞ «መርፌ»።

«የጊኒር ሻሽ አለሽ?»

«የጊኒሩ አልቋል። የጎባ ነው ያለኝ።»

ቢጫውን አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ወረቀቱ መኖሩን አረጋገጠ። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ያለፈው ሪፖርትሽ ግማሹ ይወደዋል፣ ግማሹ ይጠላዋል ይላል።»

«እውነቱ እሱ ነዋ።»

«ግማሽ አይታሰርም። ስም አምጪ። እስከሚቀጥለው ሐሙስ።»

ሄደ።

የሚወደደውና የሚጠላው ሰው ሻምበል ጉቱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ባሌ ውስጥ የደርግ ሹም ሆኖ ፈረስና ዘማች የሰበሰበ እሱ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ድንበር ተሻግሮ ጠፋ። በ1972 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ድምፁ ከውጭ አገር ሬዲዮ ተሰማ፤ የሀገር ልጆች ፓርቲ የሚባል መሥርቷል፣ መሪውም ራሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሮቤ ለሁለት ተሰነጠቀች። ጋሪ ነጂዎቹ ጀግና ነው አሉ፤ ፈረስ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ሌባ ነው አሉ። አንዱ ልቡ ተመልሷል ሲል ሌላው ልብ መቼ ነበረው ይላል። በአንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው ወገን ጓዳ ገብቶ ሬዲዮውን ቢከፍት፣ የሙሽሪት ወገን ሥጋውን ትቶ ወጣ። ባሌ ውስጥ ሥጋ ትቶ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

ረቢያ ይህን ሁሉ ስትለቅም አምስት ወሯ ነው። ከጊኒር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ክርና ሻሽ እያዞረች የምትሸጥ ሴት ናት። እንዲህ ነው የሚያውቋት። እናቷ ያወጣችላት ስም እኅተማርያም ነው። አሳሳ ስላደገች ኦሮምኛው አፏ ላይ ውሃ ነው። ሶላቱን አዲስ አበባ ሆና እንደ ትምህርት አጥንታዋለች፤ አሁን አሁን ግን አዛን ሲሰማ ጉልበቷ ሳታዘው ይነሳል።

ያረፈችው ጁሀራ ቤት ነው። የጁሀራን ባል ሻምበል ጉቱ ከዘማች ጋር ጽፎ ወስዶት አልተመለሰም። ስሙ ሲነሳ ጁሀራ ምራቋን ትተፋለች። ረቢያ የመጣች ሰሞን ብርዱ መትቷት ስትንቀጠቀጥ፣ ጁሀራ አልጋዋን ለቀቀችላትና እሷ መሬት ቆዳ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተኛች። የገብስ አጥሚት በማንኪያ እያጠጣች፣ «እንዳትሞቺብኝ እንጂ፤ ሻሹን ማን ይሸጥልኛል» እያለች ትቀልድባት ነበር። እኅቴ ትላታለች። ረቢያም ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር እያሰበች ትጽናና ነበር። ለምርመራ ጎባ የተወሰደ ሰው አይመለስም፤ ጁሀራ ግን ጉቱን ትጠላለች። ስለዚህ ማንም አይነካት።

ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ የጁሀራ ቤት የሴቶች ዱአ አለ። ሻይ ይፈላል፤ ሴቶቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ በተራ እያንዳንዷ የልቧን ትለምናለች፤ ሌሎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ። የላም ማርገዝ ይሁን የባል አመል፣ አሚን ነው። አሚን መንፈግ እርግማን ነው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ጭራሽ መንፈግ አትችልም፤ እንግዳዋ በቤቷ የለመነችውን ሁሉ ትቀበላለች።

የዚያን ረቡዕ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ስምንተኛዋ ተረኛ ዲንቄ ናት። የሪራ ማር ይዛ ከጎባ የመጣች፣ ዱአው ውስጥ ከገባች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ የሆነ፣ ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴት። መዳፏን ዘረጋች።

«ሻምበል ጉቱን በሰላም ያግባልን። ፓርቲውንም ከፍ ያድርግልን።»



መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ሁሉም አኮ የሚላት፣ አያት ማለት ነው፣ አሮጊቷ ሎሚ ነበረች። የዘረጋችውን መዳፍ ገልብጣ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። «የወሰደብኝ ፈረሴ ይቅደም» አለች። «እሱ ከኋላው ይምጣ።»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ። አንዷ ቢያንስ የአገራችንን ስም በሬዲዮ የሚጠራ እሱ ብቻ ነው አለች። ሌላዋ የወንድሜንም ስም ጠርቶ ነበር፣ ለዘመቻ፣ አለቻት። ልጅነታቸውን አብረው የጨረሱ ሴቶች አንዷ ለሌላዋ ጀርባዋን ሰጠች። አራቱ መዳፋቸውን አጠፉ። አምስቱ አሚን አሉ።

ሁሉም ወደ ጁሀራ ዞሩ።

የጁሀራ ፊት ጠቆረ። መዳፏ ግን እንደተዘረጋ ነበር። እሬት እንደሚውጥ ሰው ዋጥ አደረገችና «አሚን» አለች።

«አሚን» አለች ረቢያም። ሳታስበው። አምስት ወር ሙሉ ጁሀራ አሚን ስትል አሚን ብላለች።

ሴቶቹ ሲበተኑ ጁሀራ ብርጭቆ እያጠበች ብዙ ቆየች።

«ባሌን የበላውን ሰውዬ በገዛ አፌ መረቅኩት» አለች።

«ዝም ብትዪስ?»

«ቤቴ ነዋ፣ እኅቴ። የእንግዳ ዱአ ከቤቴ ወድቆ አይወጣም።»

ረቢያ የዚያን ሳምንት ባዶ ወረቀት ሰፋች። ስም የለም ብላ ልትዋሽ ወሰነች። በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያ ውሸቷ መሆኑ ነው፤ ለአለቃ ማለቴ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ኃይለየሱስ ቆዳ መጋዘኑ ውስጥ ጠበቃት። በሩን ከኋላዋ ዘጋው።

ከዚህ በፊት በሩን ዘግቶ አያውቅም።

«ስም?»

«የለም። ሰው ፈርቷል። አይናገርም።»

ከኮቱ ኪስ ወረቀት አወጣና አነበበ። በዝግታ። አምስት ሴቶች። ስድስተኛ፣ ጁሀራ፣ የቤቱ ባለቤት። ሰባተኛ፣ ረቢያ፣ ሻሽ ሻጭ።

ረቢያ ልብ አለች፤ የዲንቄ ስም አልተነበበም።

«ዲንቄ ያንተ ናት።»

«የመሥሪያ ቤቱ ናት። አንቺን አታውቅሽም። አንቺም አታውቂያትም። እንዲህ ነው የሚሠራው።»

«እኔን ልትፈትነኝ ነው ያስገባሃት።»

«ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ ሰግቼ። ይኸው መጣሽ።»

እስክሪብቶ አወጣ፤ ሰባተኛውን ስም ሊሰርዝ። እጁን ያዘችው። ጁሀራ ጉቱን እንደምትጠላው፣ ባሏን እንደበላባት፣ አሚን ያለችው የቤት ባለቤት ስለሆነች ብቻ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረችው። እስክትጨርስ ሰማት። ይህ ነው የከፋው፤ በትዕግሥት ሰማት።

«ይኼን ለጎባ በቴሌግራም ላስረዳ?» አለ።

«ሰርዛት።»

«ሰባት ብዬ ልኬያለሁ። አንድ ባጎድል ይታለፋል፤ ስድስት አስረክባለሁ። አምስት ካልኩ ስድስተኛው እኔ ነኝ። የምሰርዘው አንድ ስም ነው። አንቺን ልሰርዝ ነበር።»

«እሷን ሰርዝ። ረቢያ ትቆይ።»

«ከቆየች ይፈልጓታል።»

«ዛሬውኑ እጠፋለሁ። የሌለችን ሴት ፈልገው ምን ያገኛሉ?»

ኃይለየሱስ ቀና ብሎ አያት። የሆነ ነገር ሊናገር ከንፈሩ ተላቀቀ። ተወው። ጁሀራ የሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመረበት።

ረቢያ መስመሩን እያየች ደስ አላት። በአምስት ወር ውስጥ መጀመሪያዋ ነው።

ሻሾቿን እዚያው ቆዳ ላይ ጥላ በጭነት መኪና ጋቢና ጎባ ገባች። ጁሀራን አልተሰናበተቻትም። የሚሰናበት ሰላይ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምርመራው ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር፤ ጉርድ ቀሚስ ለብሳ፣ ጫማ አድርጋ፣ ራሷ ባዶ። እኅተማርያም ሆና። ነገ ጠዋት ወደ ሻሸመኔ ትሄዳለች። ኃይለየሱስ ከጎኗ መኪናውን ተደግፎ ሲጋራ ያጨሳል።

የግቢው በር ተከፈተ። ወታደራዊ መኪና ገባ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ልትቆጥር አልፈለገችም። ቆጠረች።

አምስት። ልክ ነው።

አንድ እግር ደግሞ ከመኪናው ጠርዝ ወረደ።

ጁሀራ።

መቶ አለቃው ወረቀቱን ይዞ ስም ጠራ። አምስቱ አቤት አሉ። «ረቢያ፣ ሻሽ ሻጭ» ሲል ዝም። አንድ ወታደር እግሩን ገጥሞ ሴትዮዋ እንደጠፋች፣ በምትኳ ያሳደረቻትን ሴት እንዳመጡ አስረዳ።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለች እኅተማርያም፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ስድስት ብዬሻለሁ» አለ ኃይለየሱስ።

መቶ አለቃው ጁሀራ ፊት ቆመ። ሰውዬው ክፉ አይመስልም ነበር፤ ደክሞታል።

«ረቢያ የት እንደሄደች ንገሪኝና አሁኑኑ ቤትሽ ግቢ።»

ጁሀራ ዓይኗን አነሳች። ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየች። ዛፉን። መኪናውን። መኪናው አጠገብ የቆመችውን ራሷን ያልሸፈነች ሴት።

ዓይኗ እዚያ ቆመ።

ጁሀራ አወቀቻት። ሙሉ በሙሉ አወቀቻት። ግን ፊቷ ላይ የመጣው ንዴት አልነበረም። ፊቷ በራ። ሞኟ ጁሀራ፣ እኅቷ ልብስ ቀይራ፣ ጠላቶቿ አፍንጫ ሥር ቆማ፣ ሊያመልጥ የደረሰ ሰው መሰለቻት። ማንም የዓይኗን አቅጣጫ እንዳይከተል ቶሎ ብላ አንገቷን ሰበረች።

«አላውቅም ጌታዬ» አለች። «ጎህ ሳይቀድ ነው የወጣችው። ጊኒር ገብታ ይሆናል። እግሯ ፈጣን ነው፣ ወላሂ አትደርሱባትም።»

የኃይለየሱስ ጣቶች እኅተማርያም ክንድ ላይ ተጣበቁ።

ሦስት ቃል ይበቃ ነበር። ረቢያ እኔ ነኝ። ግን ሰላይን በፊቷ የምታውቅ ሴት ከዚያ ግቢ እንደማትወጣ እኅተማርያም ታውቃለች፤ ያን ደንብ ራሷ ተምራዋለች። ብትናገር ጁሀራ ትጠፋለች። ባትናገርም ትጠፋለች። ብትናገር ግን ጁሀራ እውነቱን ይዛ ነው የምትጠፋው። ይህን ሁሉ አሰበች። እውነቱን ካወራን ደግሞ ፈራች።

ዝም አለች።

ሴቶቹን ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ጁሀራ ስትገባ ወደ ኋላ አልዞረችም። ሆን ብላ ነበር። በሩ ተዘጋ።

«ተልዕኮሽ ተፈጽሟል» አለ ኃይለየሱስ፣ ሲጋራውን እየረገጠ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። ለማንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሮቤ ላይ ስለ ሻምበል ጉቱ ግማሽና ግማሽ መባባሉ ቀረ። የሚወደውም የሚጠላውም ዝም አለ። የረቡዑ ዱአ ተበተነ። አኮ ሎሚ ፈረሴ የምትለውን እንኳ ተወች ይባላል። አዲስ አበባ ያለው ማዕከል ግን «የሕዝብ ስሜት፦ የተረጋጋ» ብሎ መዘገበው።

እኅተማርያም በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ዲንሾ ላይ ጉም ነበር። ዶዶላ ላይ ዝናብ። ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ መታወቂያ አለ፤ ሸዋረጋ ይላል፣ አስተማሪ ይላል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻትና ከየት ነሽ ብላ ጠየቀቻት። ከአዲስ አበባ አለች። ባሌ ዘመድ አለሽ?

«ማንም የለኝም» አለች።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠችላት።

ሻሸመኔ ሲደርሱ መናኸሪያው በሰው ተጥለቅልቋል። ወረደች። ጆንያ የተሸከመ ሰው ከኋላዋ «እመቤት፣ ዞር በይ» አላት። ዞር አለች። ሰውዬው ፊቷን እንኳ ሳያይ አለፈ፤ እሱ ባለፈበት ሰዉ መልሶ ገጠመ፤ እሷም እዚያው መሀል ገባች።