ቀጥ ያለው መስመር

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» አለች ልጅቷ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣ።

ስክሪኑ ላይ የአባቷ የአንድ ወር የደም ግፊት፣ የላይኛው ቁጥር፣ በነጥብ በነጥብ ተሰልፏል። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቀናት ነጥቦች እዚህም እዚያም ይዘላሉ። ከአሥራ ሦስተኛው ቀን ጀምሮ ግን ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ጸጥ ብለዋል። መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃያ።

ግራፍ የሚሠራውን ፕሮግራም ለክፍሏ ተማሪዎች የሰጣቸው የሒሳብ መምህራቸው ነው። «ነፃ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ኮዱንም ለማንም ክፍት አድርገውታል። እናንተ ግን ኮድ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ቁጥር ሞልቶ መጫን ብቻ ነው» ብሏቸው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በግራፍ ያላወጣችው ነገር የለም፤ የጎረቤት ድመት በቀን ስንት ጊዜ እንደምታዛጋ እንኳ አልቀራትም። አባቷ «መርማሪዋ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው። ሐኪሟ ልኬቱን አይታ መድኃኒቱን ልትቀንስለት ወይም ልትጨምርለት ነው፤ ልጅቷም እሱ ደብተሩ ላይ የጻፈውን በግራፍ አሳምራ ልታትምለት ቃል ገብታለታለች።

ቁጥሮቹን ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረች። ስህተት የለም። ታዲያ የሰው ደም ግፊት እንዴት አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ንቅንቅ አይልም? ነገሩ ከነከናት። መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥታ ቁልፉን ብትጫን ብትጫን፣ ወይ ፍንክች! ገልብጣ የባትሪ ማስቀመጫውን ከፈተችው። ባዶ ነው።

ከሳሎኑ ማዶ፣ ከአባቷ የስፌት ክፍል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። ባትሪ አልቆበት ድምፁ ጠፍቶ የነበረው ሬዲዮ።

«አባዬ፣ እስቲ አንዴ ና።»

አባቷ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። «እሰይ! እኔ እንኳ እንዲህ ቀጥ አድርጌ አልሰፋም» አለ መስመሩን አይቶ።

«ባትሪው ሬዲዮው ውስጥ ነው፣ አይደል?»

አባቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለአንድ ቀን ልዋሰው ብዬ ነበር» አለ ሜትሩን እያፍተለተለ። «ከዚያ ቁጥሩን ሳላየው ስውል ቀለለኝ። ከፍ ካለ ሐኪሟ ሥራ ቀንስ ትለኛለች። በቃ እንዳለ አትሚው፤ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ!»

ተናደደችበት። ከንዴቷ ይልቅ ግን ፍርሃቷ ባሰ፤ በዚህ ቤት ያሉት እሷና እሱ ብቻ ናቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረችና አሥራ ስምንቱን ረድፎች መርጣ አጠፋቻቸው። ያ የሚያምር መስመር ጠፋ። አሥራ ሁለት ነጥቦችና ሰፊ ባዶ ቦታ ቀሩ። አባቷ አየ እንጂ አልከለከላትም።

ተነሥታ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። ሬዲዮው ዘፈኑን ሳይጨርስ ዝም አለ።

«እጅጌህን ሰብስብ» አለችው ስትመለስ።

«እሺ፣ መርማሪዋ።»

መለኪያው ክንዱን ጨምቆ ያዘ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ለቀቀው። ልጅቷ ወደ ቁጥሩ አላየችም፤ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። አባቷ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ።

«ላይኛው መቶ ስድሳ ሁለት፣ ታችኛው መቶ» ብሎ ራሱ አነበበላት።

ጻፈችው። ከባዶው ቦታ ማዶ አንድ ነጥብ ብቅ አለች።

«ነገ ሐኪሟ ጋ አብሬህ ነው የምገባው» አለችና «አትም» የሚለውን ተጫነች።