ታንክ አልመጣም

«ታንክ አልመጣም» አለች መሊካ፣ ፊቷን እንደ ቀበሌ ሱቅ ሻጭ ኮስተር አድርጋ።

ታንኩ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር። ይሁኔ ከጠዋቱ ደወል በፊት ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይዞ ስለነበር ትንሽ አጉረመረመ፤ ግን አመናት። ያኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ «አልመጣም» ሲባል የማያምን ሰው አልነበረም። ከኋላው የቆመችው የመሊካ የዴስክ ጓደኛ በሰለች ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

ታንክ የሚሉት ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ በሚካሄደው ጦርነት ወታደሩ ቆርኪ፣ አህያው የኮክ ፍሬ፣ ገንዘቡ ባቄላ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም። የይሁኔ አባት በደሴ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ ልጁ የባትሪ ድንጋይ ኪሱን ሞልቶ ይመጣና የሌላውን ቆርኪ ገና ሳይሰለፍ ይፈጀዋል። ጨዋታው ሊሞት ሲል ተሰብስበው ሕግ አወጡ። ታንክ ሁሉ ሱቅ ይገባል፤ በየዓርቡ አንድ ብቻ ይወጣል፤ ወረፋ የቀደመ ይገዛል። ሻጭነቱን ለመሊካ ሰጡ። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፣ ገበያ ውስጥ ነው ያደገችው፣ እሷን የሚሸውድ የለም ብለው ነው።

መሊካ በሹመቷ ኮራችና አንድ ሕግ ጨመረች። የምታኖራት አክስቷ አሲያ ስኳር ልትገዛ ሄዳ፣ ማንም የማይፈልገውን የድልህ ጣሳ አብራ ካልገዛች እንደማይሰጣት ተነግሯት ስትበግን ሰንብታለች። መሊካ ግን ዘዴውን ወደደችው። ታንክ የፈለገ ሁለት አህያ አብሮ ይግዛ አለች። ነዳጁን የሚሸከሙት አህዮቹ ስለሆኑ ታንኩ ከእነሱ ቀድሞ አይሄድም።

በሰለች አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። ሐሙስ ዕለት «አንዴ ብቻ፣ ለኔ ደብቂልኝ» እያለች ስትለማመጥ የመሊካን አንጀት በላችው።

በነጋታው ዓርብ ይሁኔ ታንክ ሲያጣ በንዴት ባቄላውን ሁሉ አህያ ገዛበት። መሊካ ለበሰለች ከሸሸገቻቸው ሁለቱ በቀር ሱቁን ጠራርጎ ወሰደ። ልጆቹ ሳቁበት።

ጦርነቱ ሲጋጋል በሰለች መሊካ በስውር የሸጠችላትን ታንክ አወጣችና፣ ሁለቱን አህዮች አስቀድማ፣ በደሴ መንገድ ዋሻ ስም ጣርማ በር ብለው ወደሰየሙት የተሰበረ የውሃ ቱቦ አስገባች። ይሁኔ በወዲያኛው አፍ አህዮቹን ለቀቀባት። አህያ ከአህያ ተገጣጠመ። ታንኩ ቀድሞ እንዳይሄድ ሕጉ፣ እንዳይመለስ ጥበቱ ያዘው። የይሁኔ ቆርኪዎች በላይ በኩል ተሻግረው የበሰለችን ጦር አንድ በአንድ ለቀሙት።

ሁሉም ስቆ ሲያበቃ ይሁኔ የባትሪ ድንጋዩን ከቱቦው ጎትቶ አወጣ።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ከቤት ነው» አለች በሰለች ቶሎ ብላ።

ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ከቤት የመጣ ታንክ ኮንትሮባንድ ይባላል፤ ያመጣው ዓመቱን ሙሉ ከጨዋታ ይታገዳል። መሊካ ዝም ብትል ሹመቷም ስሟም አይነካም። በሰለችን አየቻት። ያቺ ልጅ ለእሷ ብላ ልትታገድ ነው። አፈረች።

«ከኔ ኪስ ነው» አለች። «መጥቶ ነበር። ዋሸሁ።»

ሱቁን ይነጥቁኛል ብላ ጠበቀች። ማንም አልነጠቃትም። ይሁኔ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እና ለሚመጣው ዓርብ ለኔ ትደብቂልኛለሽ?»

ከጀርባው ሌሎች ሦስት ልጆች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሊያንሾካሹኩ የመጡትም ያንኑ ነው። ቢሰድባት ኖሮ ይሻላት ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሱቅ ስትከፍት ይሁኔና ሦስቱ ልጆች ከየወረፋቸው ጠቀሷት። በሰለችማ በሁለቱም ዓይኗ ነው የጠቀሰችው። መሊካ የባትሪ ድንጋዩን ከኪሷ አውጥታ ሁሉም በሚያየው የአጥር ግንብ ላይ አቆመችው።

«ታንክ መጥቷል» አለች፣ ወደ ማንም ሳታይ፤ «አንድ ነው።»