ስድስቱ ክፍተቶች

ካርዱ ላይ የተጻፈው የኪሩቤል ስም ብቻ ነበር።

ነጅዋ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በክበቡ የፈጠራ ውድድር ጠረጴዛ ፊት ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የተራራ ባቡር ሞዴል በጠባብ ሐዲድ፤ ከአልዩ አምባ እስከ አንኮበር። ሠሪ፦ ኪሩቤል ታምራት፣ 9ኛ ክፍል።» ከካርዱ ጎን፣ ከትሪ በማይበልጥ ጣውላ ላይ ተራራው ቆሟል። ሐዲዱ ተራራውን ዞሮ፣ በዋሻ አልፎ፣ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። በሁለቱ የሐዲድ ሽቦዎች መካከል ያለው ስፋት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሿ ጣት ጥፍር ያህል። ከሥር የተደረደሩት አግዳሚዎች አናታቸው የተቆረጠ የክብሪት እንጨቶች ናቸው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ የለጠፈችው እሷ ናት።

«የኔስ ስም?» አለች።

ኪሩቤል ቀና አላለም። «ሞተሩን ያመጣው ማነው? መበየጃ ካውያው የማን ነው? አንቺ ክብሪት ነው የለጠፍሽው።»

ከሚቀጥለው ጠረጴዛ ቃለ አብ ሳቀ። «ተዋት ባክህ፣ ቆለኛ ናት። ባቡሩ ግመል መስሏት ነው።»

ነጅዋ ወደ ጣውላው ጎንበስ አለች። ዓይኗ ሐዲዱ ላይ ቀርቷል። እሷ የተወቻቸው ስድስት ክፍተቶች የሉም።

ከሁለት ወር በፊት ኪሩቤል ጣውላውን ሲያመጣ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ መሆኑን ከጠረኑ አውቃ ነበር። አባቷ ሙኽታር አልዩ አምባ ውስጥ የእንጨት በር ይሠራል። ከደጋ የወረደ እርጥብ ጣውላ ሙቀት ሲያገኘው እንዴት እንደሚኮማተር እያየች ነው ያደገችው። እንጨቱ ሲያጥር የሐዲዱ የመዳብ ሽቦ አብሮት አያጥርም። መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ሐዲዱን ስትዘረጋ ስድስት ቦታ ላይ የመጋዝ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት ተወች። ባቡሩ ሲያልፍባቸው ቀጭ ይላል። ኪሩቤል ያንን ድምፅ አይወደውም ነበር። ትናንት ብቻውን ገብቶ፣ እርሳስ በካውያ አቅልጦ ሁሉንም ደፍኗቸዋል። በላዩም ቀለም ቀብቷል።

ለምን እንደደፈናቸው ጠየቀችው። አሁን ድምፁ እንኳን አይሰማም አላት፤ ዞር በይልኝ ብሎም ጨመረበት።

ነጅዋ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠዋት አዳራሹ እንደ ደብረ ብርሃን ጠዋት ሁሉ ጣት የሚያደነዝዝ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ግን ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጣሪያ አጋለችው፤ በመስኮቱም ገብታ ጠረጴዛው ላይ አረፈች። ዳኞቹ የሚመጡት በስድስት ሰዓት ነው።

ብትተወውስ? ሰው ሁሉ እያየ ባቡሩ ይገልበጥ። ካርዱ ላይ ያለው የሱ ስም ነው። ይህን ስታስብ ደስ አላት፤ ደስታውን ለራሷ አልደበቀችም።

ከዋሻው በላይ ያለው ጥምዝ ላይ ሐዲዱ ተነሣ። አንድ የክብሪት እንጨት ከሙጫው ተላቅቆ ወደቀ።

ነጅዋ ብድግ አለች።

ኪሩቤል ዳኞቹን ሊቀበል ወጥቷል። ከቦርሳዋ የተሰበረ የብረት መጋዝ ምላጭ አውጥታ፣ ከተነሣው ቦታ ጀምራ መቁረጥ ያዘች። መዳቡ ለስላሳ ነው፤ ጊዜ አይፈጅም። የመጀመሪያው ሲቆረጥ ሐዲዱ ተመልሶ ተኛ። አምስተኛውን ስትጨርስ ቃለ አብ አይቷት ጮኸ፤ ኪሩቤልም እየሮጠ ገባ።

«ቲቸር፣ እየሰበረችው ነው» አለ ኪሩቤል። «ቀንታ ነው።»

የክበቡ ኃላፊ መምህር ወልደኪዳን ያዩት በእጇ ያለውን ምላጭ ነው። ጣውላው እርጥብ ነው ብላ ጀምራ ነበር። አላስጨረሷትም። ምላጩን ወስደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና በሩን አሳዩዋት።

ውጪ፣ ከመስኮቱ ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ዳኞቹ ሲገቡ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማች። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። ቀጭ። አንድ አለች በልቧ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስተኛው ሊመጣ ሲገባ ኳ የሚል ድምፅ መጣና ሞተሩ ባዶውን ጮኸ፤ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቷል። ውስጥ ተሳቀ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የቃለ አብ ሳቅ ነበር።

ኪሩቤል ወጣ። ጆሮው ቀልቷል። ምላጩን ይዟል።

«አምስቱን አለፈ» አለ። «ስድስተኛው የት ነበር?»

«የደፈንከው አንተ ነህ።»

«ቀለሙ ሸፍኖታል። አምስት ደቂቃ ነው የሰጡኝ። የት እንደሆነ ንገሪኝና ሂጂ።»

ምላጩን ዘረጋላት። ነጅዋ አልተቀበለችውም። አልፋው ወደ አዳራሹ ገባች። እሱም ተከተላት። መምህር ወልደኪዳን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዋናው ዳኛ ጋር ተያዩና ተዉት።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ባቡሩን አልነካችም። ከኪሩቤል የሸሚዝ ኪስ እስክሪብቶውን መዘዘች። ከስሙ በታች ቦታ አልነበረም። ከላይ ጻፈች፦ ነጅዋ ሙኽታር።

ኪሩቤል ካርዱን አየ፣ ዳኞቹን አየ። ስሟን አልሰረዘም።

ከዚያ እጇን ለምላጩ ዘረጋች፤ ሰጣት። ጎንበስ ብላ፣ ከዋሻው አፍ ሁለት ጣት አልፋ፣ ቀለሙን በጥፍሯ መፋቅ ጀመረች።