ከሞት በኋላ የተለካች ልጅ

የተሰወረውን እንደ ተገለጠ የሚያይ፣ የሕፃንን ቁመትና የሽማግሌን ዕድሜ በአንድ መዝገብ የያዘ አምላክ፣ ይህን ነገር ከመሆኑ በፊት ያውቀው ነበር። እኛ የምናውቀው ግን በኅዳር ወር፣ በአንድ ረቡዕ ማለዳ፣ በጣና ዳር ከደንገሉ መካከል የዶክተር እሌኒ አስከሬን ከተገኘ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።

ዶክተር እሌኒ የልጆችና የጎረምሶች አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ፣ በወንድና በሴት መካከልም እድገቱ በምን እንደሚለይ የምታጠና ሴት ነበረች። ከሐይቁ ዳር መንደሮችና ከሐሙሲት ከተማ የተመረጡ ልጆች በየዓመቱ ቁመታቸውና የራሳቸው ዙሪያ ይለካል፤ የአእምሯቸውም ምስል በመሣሪያ ይነሣል። እርሷ ከሐምሌ ጀምሮ አዲስ አበባ ከርማ በዚያው ሳምንት ነበር የተመለሰችው።

ሐኪሙ እንዳረጋገጠው የሞተችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ማጅራቷም ላይ ቁስል ነበረ። ከአስከሬኑ አጠገብ የዓሣ አጥማጁ የአብዱልመጂድ የደንገል ታንኳ ውኃው ላይ እንደ ተጋደመ ታስሮ ተገኘ። የዚህን ሰው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ሐፍሳን፣ ባለፈው ነሐሴ ሐይቁ ወስዶ በሦስተኛው ቀን አስከሬኗን መልሷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል መረብ የሚጥል የለም፤ ድምፅዋን ሰማን የሚሉም አሉ። ዶክተሯ ሰኞ ዕለት ወደ ቤቱ ሄዳ የሐፍሳን ስም ብትጠራ «አንቺንም ይብላሽ!» ብሎ ሲጮኽ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ታሰረ፤ ዓርብም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ተቀጠረ።

ዋና ኢንስፔክተር ርሆቦት የአብዱልመጂድን ሚስት ዘሊካን ከጣቢያው በር ላይ አገኘቻት።

«ልጄን ሐይቁ ወሰደ፤ ባሌን ደግሞ እናንተ። እኔን ለማን ነው የተዋችሁኝ?»

«እትዬ ዘሊካ፣ ዶክተሯ ምን ብላ ነበር የመጣችው?»

«"ሐፍሳ በመስከረም ስትለካ ማን አመጣት?" አለችን። በመስከረም! ከቀበርናት ወር አልፎን! እሱም ነደደው፣ ጮኸ። ይግደላት ግን? ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው እኮ።»

ርሆቦት ወደ ዳሩ ወረደች። ታንኳዎቹ ሁሉ ከውኃ ወጥተው አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቆመዋል።

«ለምን ታቆሟቸዋላችሁ?» ብላ ረመዳን የተባለውን ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጠየቀችው።

«ደንገል ውኃ ይጠጣል፣ እመቤቴ። ውኃ ላይ ከተዉት በስብሶ ይሰጥማል። ኢንስፔክተር ተብሎ ይህ አይታወቅም?» ብሎ ሳቀባት።

«አሁን አወቅሁ፣ ጋሼ» አለችው።

ከዚያ ወደ ጥናቱ ቤት ሄደች። የሟቿ ባልደረባ ዶክተር ምሥጋና ዓይኖቹ ቀልተው ተቀምጧል።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሜ ከስሟ እንዲቀድም ፈልጌ ነበር። አሁን ብቻውን ቀረ። ደስ ያለኝ መሰለዎት? የሐፍሳ ለቅሶ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ኩርፊያ ይዞኝ ለእሌኒ አልነገርኋትም። ነግሬያት ቢሆን ያን ደጅ ባልረገጠች ነበር።»

ልጆቹን የሚለካው ግሩም ግን ረጋ ብሎ መለሰ።

«ማክሰኞ ሐሙሲት ነበርኩ። ይኸው፣ ከሰዓት በኋላ የለካኋቸው የአሥራ ሁለት ልጆች ቅጽ።»

«ሐፍሳስ? በመስከረም እንዴት ተለካች?»

«ስም ተሳስቼ ነው። እዚያ ሰፈር ሐፍሳ ብዙ ናት።»

ሐሙስ ዕለት ርሆቦት ሁሉንም በጥናቱ ቤት ሰበሰበች፤ አብዱልመጂድም ከእስር ቤት መጣ። አሥራ ሁለቱን ቅጾች ካምናዎቹ ጋር ደርባ፣ ስማቸውን ሸፍና፣ ለምሥጋና ሰጠችው።

«ካምና ወዲህ ስንት ስንት አደጉ? ያንብቡልን።»

«ሁለት ሴንቲ ሜትር። ሁለት። ይህም ሁለት። የአሥራ አንድ ዓመቷም፣ የአሥራ አራቱም...» ወረቀቱን አስቀመጠ። «እነዚህ ልጆች አይደሉም።»

«ምንድን ናቸው ታዲያ?»

«የሰው ፈጠራ። በዚህ ዕድሜ ሴቷ ቀድማ ትመዘዛለች፤ ወንዱ ዘግይቶ ይደርስባትና ያልፋታል። አእምሯቸውም እንዲሁ በየራሱ ጊዜ ነው የሚያድገው። አሥራ ሁለት ልጅ እኩል አያድግም።»

ርሆቦት ወደ ግሩም ዞረች።

«ታንኳውን ውኃ ላይ ጥሎ የሄደ ሰው የሐይቅ ሰው አይደለም፤ ባለቤቱ እንዲጠረጠር የፈለገ ነው። አብዱልመጂድን በዚህ ተውሁት። ዶክተር ምሥጋና ለቅሶ ደርሶ ነበርና ሐፍሳን በመስከረም ለካሁ ብሎ አይጽፍም። በስም ስሕተት ነው ያሉትን የሐፍሳን ቅጽ አየሁት፤ እርሷም ልክ ሁለት ጨምራለች። ማክሰኞም እንዲሁ ጻፉ። ለአሥራ ሁለቱም ወላጆች ደወልሁ፤ ልጆቻችንን የለካ የለም አሉኝ። ሐሙሲት ካልነበሩ፣ የት ነበሩ?»

ግሩም ቅጾቹን ወደ ራሱ ሳበ።

«መጀመሪያ ዝናብ ነበር የከለከለኝ» አለ። «ፋሲሎ ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅጹን ሞላሁት። ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ለመድኩት። ማክሰኞ እሌኒ ሐይቁ ዳር ድረስ ወሰደችኝና "ነገ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ጥናቱም ይሰረዛል" አለችኝ። ገፋኋት፤ ድንጋይ ላይ ወደቀች። ትተነፍስ ነበር... ወደ ውኃው ስጎትታት ከደንገሉ ውስጥ ልጅ ስትቆጥር ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። እስካሁን አላቆመችም።»

ማን እንደ ቆጠረ እግዚአብሔር ያውቃል። ግሩም ተወሰደ፤ የአብዱልመጂድ እጅም ተፈታ። ዘሊካ ግን ባሏን ይዛ ከመውጣት ፈንታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«የልጄ ወረቀት የቱ ነው?»

ርሆቦት አሳየቻት። ዘሊካ ማንበብ አትችልም፤ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሁለት ሴንቲ የሚሉት ምን ያህል ነው?»

ኢንስፔክተሯ በሁለት ጣቶቿ መካከል ያለውን ርቀት አሳየቻት። ዘሊካ ትክ ብላ አየችው።

«ይህችን ብቻ?» አለች። «አያውቋትም። የሐፍሳ ቀሚስ እኮ ከዒድ እስከ ዒድ ያጥራት ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ልጅን ሁሉ በየመጠኑ የሚያሳድግ አምላክ ቤትህን ይባርክ፤ በደጅህ የሚሮጡትን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፤ ቀድመው የሄዱትንም በእቅፉ ያኑርልህ። አሜን።