የተሰረዘው ትኩሳት

ሐኪሙ የሞተው ወረቀት ላይ ጤነኛ ሆኖ ነው። ከአልጋው ግርጌ የተንጠለጠለው የሙቀት መመዝገቢያ ጠዋትና ማታ 36.8፣ 36.9 ይላል። የአስከሬን ምርመራው ግን ከሐሞት ቀዶ ጥገናው በኋላ ሆዱ ውስጥ መግል ቋጥሮ ደሙን እንደመረዘው አረጋገጠ። እንዲህ ያለ ሰው እንደ እሳት ይተኩሳል። ስለዚህ፣ ቤት ድረስ እየመጣች ሙቀቱን የምትለካው ነርስ ቁጥር ፈጥራ ጽፋለች ተባለና ሥራዋንም ነፃነቷንም ልታጣ ሆነ።

ጉዳዩ የተሰጣትን መርማሪ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ጥያቄዋ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል።

«አንድም ቁጥር አልፈጠርኩም» አለች ነርሷ። «ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እለካለሁ። እሳቸው ብርድ ብርድ አለኝ ይላሉ፤ ቁጥሩን ሲያዩ ደህና ነኝ ብለው ይተኛሉ።»

መርማሪዋ መመዝገቢያው ላይ ወደተሰረዘች አንዲት ቁጥር ጠቆመች። «ይቺን ለምን ሰረዝሻት?»

ነርሷ አቀረቀረች። ማክሰኞ ሌላ ታማሚ ስለነበረባት አንድ ሰዓት ቀድማ ደርሳ 39.4 አነበበች። የሐኪሙ ባለቤት የሙቀት መለኪያው አርጅቷል፣ ጭማቂውን ይጠጣና ደግመሽ ትለኪዋለሽ አለቻት። ሁለት ሰዓት ላይ 36.9 ሆነ፤ እሷም የፊተኛውን ሰረዘችው። መርማሪዋ መለኪያውን ብብቷ ውስጥ ከትታ ሞከረችው። በትክክል ይለካል።

ጓሮ ወጣች። ገመዱ ላይ ስድስት አንሶላ ታጥቦ ተሰጥቷል። ለአንድ በሽተኛ ስድስት አንሶላ ለምን?

የሐኪሙ ታናሽ ወንድም ፋርማሲ አለው። የወንድሙ ሚስት ራሴን ያመኛል እያለች በሳምንት ሦስት ፓኬት የትኩሳት ኪኒን እንደወሰደች ሳይደብቅ ተናገረ። ልጃቸው በሰባት ዓመቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ስለ ትኩሳት የሚያወራው ሐኪሙ ብቻ እንደነበርም ጨመረ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ነርሷን፣ የሐኪሙን ባለቤትና ወንድሙን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ቀዶ ጥገናውን የሠራውን ሐኪም ጠየቅኩት» አለች። «የትኩሳት ኪኒን ክፉ አይደለም፤ በሽተኛው እፎይ ይላል፣ ይበላል፣ ይተኛል አለኝ። ግን ትኩሳት ደወል ነው። ለሰው ነግራችሁ ደወሉን ብታጠፉት ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳያውቅ ከጠፋ ግን ቤቱ ይቃጠላል። እዚህ ቤት ልኬቱ በሰዓት ነው። ከልኬቱ አንድ ሰዓት በፊት ጭማቂ ይመጣል። ኪኒኑ ጭማቂው ውስጥ ነው። ትኩሳቱ ሲወርድ በሽተኛው በላብ ይጠመቃል፤ አንሶላ ይቀየራል። ማክሰኞ ብቻ ነርሷ ጭማቂውን ቀደመችው።»

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ ወንድምየው፣ የሸጠው ኪኒን እየታየው።

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «አንቺ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ግን በዓይንሽ ያየሽውን ቁጥር ዳግመኛ እንዳትሰርዢ።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ባለቤት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ማን ወጋዎት?»

ሴትየዋ አላለቀሰችም።

«ልጄ ስትቃጠል የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠኋት። ባሌ ሲመጣ ነገርኩት፤ ሽሮፕ ጠጥታለች፣ ቁጥሩን አትመን አልኩት። ለካና ደህና ናት ብሎ ተኛ። ሲነጋ ሞተች። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ትኩሳቷን የደበቀችብኝ እናቷ ናት ይላል። ያልደበቅኩትን ደበቅሽ አለኝ። እኔም ደበቅኩለት።»

«ሲሞት ስለ ኪኒኑ ያውቅ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«በጆሮው ነገርኩት። እየተንቀጠቀጠ ሰማኝ።» ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች። «አላመነኝም። ወረቀቱን አምጪ፣ ቁጥሩን ልየው አለኝ።»